መሃል ላይ የቆመው መርፌ

የአማቴ ወንድም ሲቀበሩ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ አልደረሱም። መሪውን ይዤ የነበርሁት እኔ ነኝ። ለምን እንዳላደረስኋቸው ያወቅሁት ከሳምንታት በኋላ ነው። ካወቅሁበት ቀን ጀምሮ ነገሩ በተነሣ ቁጥር ድምፄ ይቀየራል። ባለቤቴ «አሁን እኮ አልፏል» ይለኛል። ለእኔ አላለፈም።

ሹፌር ነኝ። ጎንደር ከተማ ውስጥ ሴት ስትነዳ ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም፤ የገጠር ኮረኮንች ላይ ሎንግ ቤዝ የሚሉትን ረጅም የገጠር መኪና ይዛ የምትወጣ ሴት ግን አሁንም ሰው ዞሮ ያያታል። ብዙ ዓመት የነዳሁት ለአንድ የውሃ ጉድጓድ ፕሮጀክት ነበር። ከደባርቅ ደጋ እስከ አርማጭሆ ቆላ የማላውቀው ዳገት ጥቂት ነው። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ከባለቤቴ ጋር ተማከርንና ያለንን አሟጠን አንድ አሮጌ ሎንግ ቤዝ ገዛን። እሱ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ነው። ሐሳባችን ቀላል ነበር፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ንግሥ የሚሄድ ሰው በኮንትራት እወስዳለሁ፤ በሰሊጥ ወቅት ደግሞ ነጋዴ ወደ ሳንጃ አመላልሳለሁ።

መኪናዋን የሸጡልን አዘዞ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መኪና መግዛትና መሸጥ የኖሩበት ሥራ ነው። ሰፈር ውስጥ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በመሬት ሲካሰሱ፣ ለዕርቅ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኛም እንደ ሰፈሩ ሰው «አያ» አልናቸው። ልሞክራት ብዬ ስነዳት አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። በጣታቸው የሞተሩን ሙቀት የሚለካውን ጌጅ እያሳዩ፣

«ልጄ፣ ሳንጃ ቆላ በቀትር ወርጄባታለሁ። መርፌዋን እያት፣ ከመሃል ዝንፍ አትልም» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ዝንፍ አትልም።

መርዶው የመጣው በጠዋት ነው። የአማቴ ወንድም ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ ባለ የገጠር ቀበሌ ይኖሩ ነበር። ሌሊት ማረፋቸው ተነገረንና ቀብሩ የዚያኑ ዕለት ሆነ። አማቴ ከእሳቸው ሌላ ወንድም አልነበራቸውም። ከፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥኋቸው። ባለቤቴ፣ ታላቅ እህቱና ሌሎች ዘመዶች ከኋላ ግጥም ብለው ሞሉ። አማቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ መንገዱን መንገዱን እያዩ ነበር።

ከጎንደር ወጥቶ ወደ ኮሶዬ የሚወስደው ዳገት ለደህና ሞተር ምንም አይደለም። እኔ ደግሞ ዳገት ላይ የማልተወው ልማድ አለኝ፤ መንገዱን አያለሁ፣ መስታወቱን አያለሁ፣ ጌጁን አያለሁ። ያን ዕለትም አይቻለሁ። መርፌው ከታች ተነሥቶ ቀስ እያለ ወጣ፣ መሃል ደረሰ፣ እዚያ ቆመ። ጤነኛ መርፌ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ጉልበት እያጣ ሲመጣ ማርሽ ቀነስሁ፤ ሰው ስለበዛ መሰለኝ። ቆይቶ ጣፈጥ ያለ የትኩስ ውሃና የዘይት ሽታ መጣ። ደግሜ ጌጁን አየሁ። መሃል ላይ ነው። ከዚያ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተነሥቶ መስታወቱን ሸፈነው።

ዳር ይዤ አቆምሁ። ኮፈኑን ስከፍት ውሃው በየቀዳዳው እየተንፈቀፈቀ ይወጣ ነበር። ሁሉም ወረዱ። ባለቤቴ መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

«ጌጁን አላየሽውም?»

«አየሁት። መሃል ላይ ነው።»

«መሃል ላይ ከሆነማ አይፈላም።»

«ና እየው!» ቁልፉን አዞርሁለት። መርፌው ተነሣና መሃል ላይ ቆመ።

«አሁንማ ውሃው ወጥቶ በርዷል። ቀድሞ ቀዩ ላይ ደርሶ ነበር፣ አንቺ ሳታይው ቀርተሽ ነው። መሣሪያ ዝም ብሎ አይዋሽም» አለ። ክፍል ውስጥ ለተማሪ እንደሚያስረዳ፣ በተረጋጋ ድምፅ፣ ዘመዶቹ ሁሉ እየሰሙ።

እህቱ ወዲያው ተቀበለችው። «ድሮስ! ወሬ ስታወራ ነው የመጣችው።»

ወሬ አላወራሁም። ከጎኔ ኀዘንተኛ እናት ይዤ ምን ወሬ አወራለሁ? «አየሁት እኮ ነው የምላችሁ» አልሁ፤ ድምፄ እንደ ዋሾ ድምፅ ተንቀጠቀጠ። እውነት እየተናገሩ እንደ ዋሾ መንቀጥቀጥን የመሰለ ነገር የለም።

ያለፉት ሚኒባሶች ሁሉ ሙሉ ነበሩ። አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ወንዶቹን ከላይ ጫናቸው። አማቴ ግን መውጣት አልቻሉም። በመጨረሻ ከከተማ የመጣ የለቅሶተኛ መኪና ተጨናንቆ አሳፈራቸው፤ እኔ ከመኪናዋ ጋር ቀረሁ። ማታ ባለቤቴ እንደነገረኝ፣ እናቱ ሲደርሱ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እየወጣ ነበር። አማቴ አዲሱ አፈር አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ምነው ትንሽ ብትጠብቁኝ» ብቻ አሉ አለኝ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም።

ከዚያ በኋላ አማቴ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቤታቸው ስሄድ «ግቢ» ይሉኛል፣ ውሃ ያቀርቡልኛል፣ ከዚያ ዝም። እህትየው ግን በየሄደችበት እናቷ ወንድማቸውን እንዳይቀብሩ ያደረግሁ እኔ እንደሆንሁ ታወራ ነበር። እዝን ልንበላ በሄድንበት ቤት አንዲት የማላውቃት ሴት «እሷ ናት?» ብላ በአገጯ ስትጠቁመኝ በጆሮዬ ሰማሁ።

መኪናዋ ተጎትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ አውርዶ ከሥሩ የተቃጠለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ቀየረ፣ የተደፈነውን ራዲያተር አስጠረገ።

«መርፌው ለምን አልወጣም?» አልሁት።

«መርፌውማ ደህና ነው፣ ሲሞቅ ይነሣል። ዓይንሽ ነው» ብሎ ሳቀ።

የዚያን ጊዜ ወሰንሁ። ሌላ ጌጅ አስገባለሁ አልሁ። እንደ ፋብሪካው ያለ በሽቦ የሚሠራ አልፈለግሁም። ፕሮጀክቱ ውስጥ ሳለን አንዱ የመቆፈሪያ ማሽን ላይ ያየሁት ዓይነት ጌጅ ነበር፤ ሽቦ የሚባል ነገር የለውም። ጫፉ ላይ ጣት የምታህል የነሐስ ፍሬ አለች፤ እሷ የሞተሩ ውሃ ውስጥ ትገባለች። ከእሷ የሚነሣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ እስከ ሹፌሩ ድረስ ይመጣና መርፌውን ራሱ ሙቀቱ ይገፋዋል። መብራት ቢጠፋ፣ ባትሪ ቢሞት ይሠራል። ከተማውን ዞሬ በመጨረሻ የእርሻ መሣሪያ ከሚሸጥ ሱቅ ለትራክተር የመጣ አንድ አገኘሁ።

የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሰው ሳየው ደስ አላለውም። «ይሄ እኮ የትራክተር ነው። ለመኪና የሚሆን ሸጋ ዲጂታል አለኝ፣ በሰማያዊ መብራት ያበራልሻል።»

«መብራት አልፈለግሁም። ይህን ግጠምልኝ።»

ትከሻውን ነቅንቆ ጀመረ። ውሃውን አወረደ። ከሞተሩ አናት ላይ፣ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚወጣበት ላይ ያለች አንዲት መድፈኛ ብሎን ፈታና በቦታዋ የነሐሷን ፍሬ አጥብቆ አሰረ። የመዳቡ ቱቦ በንዝረት እንዳይሰበር ሁለት ዙር እንደ ቀለበት አዙሮ፣ ላስቲክ አልብሶ፣ በሞተሩና በእግር መርገጫው መሃል ባለው ላሜራ አሳለፈው። ከዚያ ቱቦውን ወደ ላይ ለማውጣት ዳሽቦርዱን ፈታ። ጭንቅላቱን አስገብቶ ሲያይ ቆየና ሳቁን ለቀቀው።

«ነይ እስቲ እይ! ወይ ጉድ፣ ሸጋ አድርጎ ነው የሠራው!»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ወደ ሙቀት ጌጁ የሚሄደው ሽቦ ተቆርጦ ነበር። በተቆረጠው መሃል የባቄላ ፍሬ የምታህል፣ የኤሌክትሪክ ፍሰት የምትገታ ሬዚስተር ተበይዳ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልላለች።

«ይቺ ምን ታደርጋለች?» አልሁ፤ ልቤ ግን አውቆት ነበር።

«ሞተሩ ሲሞቅ መርፌው እንደ ደህናው ይነሣል። መሃል ሲደርስ ይቺ ታንቀዋለች። ሞተሩ በእሳት ቢያያዝ እንኳ ከዚያ አያልፍም። ሊሸጡ ሲሉ ነው የሚያስገቧት። ግን ይሄ እጅ ያለው ሰው ነው፣ ብየዳውን እይው!»

ሌሎቹን ጠራቸው። ያ «ዓይንሽ ነው» ያለኝ መካኒክም መጣ። ሁሉም በየተራ አንገታቸውን እያስገቡ አዩና ሳቁ። እዚያ ዘይት የጠገበ መሬት ላይ ቆሜ ሲስቁ አየኋቸው። የሚያስቀው ምኑ ነው? ሰው ዳገት ላይ ሊያልቅ ይችል ነበር። አንዲት አሮጊት አፈር ላይ ቁጭ ብለው ትንሽ ብትጠብቁኝ ብለዋል። እኔ ይህን ያህል ጊዜ በገዛ ዓይኔ ላይ ጥርጣሬ ገብቶኝ፣ ማታ ማታ «ምናልባት እውነት ሳላየው ቀርቼ ይሆን?» እያልሁ ኖሬያለሁ። እነሱ ብየዳውን ያደንቃሉ።

«በቃ!» አልሁ። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። አንገታቸውን ከዳሽቦርዱ ሥር አወጡ።

«ላውጣት?» አለ ሠራተኛው፣ ረጋ ብሎ።

«አታውጣት። እንዳለች ተዋት። አዲሱን ከጎኗ ግጠም። ሰው ሁለቱንም እንዲያይ እፈልጋለሁ።»

ባለቤቴን ደውዬ ጠራሁት። ከትምህርት ቤት እጁ ላይ የጠመኔ ዱቄት እንዳለ መጣ። አሳየሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፤ ወዲያው ገባው። ፊቱ ሲለወጥ አይቻለሁ። ግን ወደ እኔ ዞሮ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ይልቅ ለሠራተኛው የኤሌክትሪክ ፍሰት እንዴት እንደሚቀንስ ያብራራለት ጀመር።

ከመገጠሙ በፊት አዲሱን ጌጅ ፈትነነው ነበር። በጀበና ውሃ አፍልተን የነሐሷን ፍሬ ስንከታት መርፌው ዘጠናን አልፎ፣ መቶ ሳይደርስ ቆሞ ነበር። ሠራተኛው «ይኸው፣ የተበላሸ ነው የሸጡልሽ» ብሎኝ ስከራከረው ነበርና ይህንንም ለባለቤቴ ነገርሁት። «ትክክል ነው የሚለው» አለ ባለቤቴ። «እኛ ከፍታ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው። ጎንደር ላይ ውሃ መቶ ሳይደርስ ነው የሚፈላው።» ለመሣሪያው ሲመሰክርለት ጊዜ አልፈጀበትም።

በሚቀጥለው ቀን ሁለታችንም አዘዞ ሄድን። ሽማግሌው በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። በክብር ተቀበሉን። በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ አሳየኋቸው።

«አያ፣ መኪናዋ ውስጥ ይህን አገኘን።»

መነጽራቸውን አድርገው አዩት። አልደነገጡም። «እ፣ ይቺ ናት? ይቺማ የታወቀች ናት ልጄ። መርፌው ከፍ ባለ ቁጥር ገዢ ይሸሻል። አሮጌ ማኪና ትንሽ መሞቋ አይቀር። ባለሙያ ጠርቼ ነው ያሠራኋት።»

«እያወቁ ነው የሸጡልን?»

«ምነው ልጄ፣ ይህ ሁሉም የሚያደርገው ነው።»

«በዚህ የተነሣ የባለቤቴ እናት ወንድማቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ።»

«እግዜር ነፍሳቸውን ይማር» አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የሞተን ሰው ግን መርፌ አያስነሣውም።»

ባለቤቴ ጣልቃ ገባ። «ልክ ነው አያ። እኛም ለጠብ አልመጣንም።»

ዞሬ አየሁት። ልክ ነው? ምኑ ነው ልክ?

«ገንዘብ አልጠየቅሁዎትም» አልኋቸው። «ቤታችን ይምጡና ለአማቴ አንድ ቃል ብቻ ይንገሩልኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም ይበሉልኝ።»

«እኔ? ለመርፌ ብዬ ሰው ቤት ሽምግልና ልሂድ?» ሳቁና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «አንቺ ሸጋ ልጅ ነሽ። ተይው፣ ይረሳል።»

መኪና ውስጥ ስንገባ አልነዳሁም። ቁልፉን ይዤ ተቀመጥሁ።

«ለምን ልክ ነው አልህ?»

«ሽማግሌ ናቸው። ምን ልበላቸው?»

«እኔን መንገድ ላይ፣ ዘመድህ ሁሉ እየሰማ፣ አላየሽም ስትለኝ ግን ቃል አልጠፋህም።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እንዲህ ሲዘጋ ዓመታት ኖሬበታለሁ፤ ያን ቀን ግን አልቻልሁትም። «ለእናትህ አንተ ንገራቸው» አልሁት። «እነግራታለሁ» አለ።

አርባው ደረሰ። ለተዝካሩ እንደገና ያው ቤተሰብ በዚያው መንገድ ሊሄድ ሆነ። እህትየው በሚኒባስ እንሂድ ብላ ነበር፤ አማቴ ግን ማንንም ሳያማክሩ መጥተው የእኔን መኪና በር ያዙ። ደግፌ አሳፈርኋቸውና እዚያው የፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። እህትየውም እያጉረመረመች ከኋላ ገባች።

አዲሱን ጌጅ ከዳሽቦርዱ በላይ፣ ለሁሉም እንዲታይ አድርጌ ነበር የገጠምሁት። ዘጠናው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ዳገቱን ስንጀምር አማቴ ዓይናቸው እዚያ ላይ አረፈ። ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸው ጀምረው አናገሩኝ።

«ሁለት ምን ያደርግልሻል?»

«አንደኛው አዲስ ነው እማማ። የሞተሩን ሙቀት የሚናገረው እሱ ነው።»

አዩት። አዲሱ መርፌ በዳገቱ ልክ እየወጣ ነበር። አሮጌው መሃል ላይ ቀጥ ብሏል።

«ይኸኛውስ? ምነው አይነቃነቅ?»

«ከመሃል እንዳያልፍ ታስሮ ነው የተሸጠልን። ያን ቀንም እዚያው ላይ ቆሞ ነበር።»

«ማን አሰረው?»

«የሸጡልን ሰውዬ።»

«አውቀው?»

«አውቀው። ሄደን ጠይቀናቸዋል። ራሳቸው ነግረውናል። ልጅዎ አልነገረዎትም?»

አማቴ በወንበራቸው ላይ ሙሉ በሙሉ ዞሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?»

ባለቤቴ ከኋላ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ልነግርሽ ነበር እማ። ኀዘንሽ ላይ ነገር እንዳልጨምር ብዬ ነው።»

አልነገራቸውም። እኔ በየቀኑ ቤታቸው እየሄድሁ ያን ዝምታ ስቀበል፣ እሱ አውቆ ዝም ብሏል። ያኔ ለራሴ ፈራሁ፤ እጄ መሪው ላይ እንዳይሳሳት። ደግነቱ አዲሱ መርፌ ቀዩ ምልክት አጠገብ ደርሶ ነበርና ዳር ይዤ አቆምሁ። ራዲያተሩ ቢጠረግም ሰው ሲሞላ ያ ዳገት አሁንም ያሞቃታል፤ አሁን ግን ሳይፈላ አውቀዋለሁ።

ሁሉም ወርደው ቆሙ። የኮሶዬ ብርድ ነጠላ ያራግብ ነበር። እህትየው «ይኸው ደግሞ! ዛሬም ልንቀር ነው» ስትል አማቴ አቋረጧት።

«ዝም በይ! ዛሬ ማቆም ስላለባት ነው ያቆመችው። ያን ቀንም ቢነገራት ኖሮ ታቆም ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው። «ሚስትህ ስትሰደብ አንተ ኀዘኔን ትጠብቅልኛለህ? እኔ ሊጠየቅ የሚገባውን ሰው ሳላውቅ ይህችን ልጅ ፊት ስነሳት ኖርሁ። ይኸ ነው ጥበቃህ?»

አንገቱን ደፋ። እኔም ላጽናናው አልሞከርሁም፤ ኮፈኑን ከፍቼ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቅሁ።

በሰዓታችን ደረስን። ከጸሎቱ በኋላ ሰው ተቀምጦ ሲበላ ባለቤቴ ከዘመዶቹ መሃል ተነሣና ጉሮሮውን ጠራረገ። «ያን ዕለት በመንገድ ስለቀረነው ነገር... መኪናዋ ከመጀመሪያውም ችግር ነበረባት» አለና ተቀመጠ። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱም ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባውም። እህትየው እንኳ «አሮጌ መኪና ነው የገዙት» ብላ ለጎረቤቷ ስትተረጉም ሰማሁ። የቆረስሁትን እንጀራ መልሼ አስቀመጥሁት። «አላየሽም» ማለት ሲያስፈልግ አንድ ቃል በቅቶት ነበር።

ስንመለስ ጎንደር ከተማ እንደገባን አማቴ፣

«ወደ አዘዞ ንጂ» አሉኝ።

«ምን ልናደርግ እማ?» አለ ባለቤቴ።

«አንተን አላናገርሁም።»

ነዳሁ።  ሽማግሌው ደጅ ላይ ስቆም ሁለት ሰዎች አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። አማቴ ከል እንደለበሱ ወርደው በሩ ላይ ቆሙ። ግቡ ሲባሉ አልገቡም።

«መርፌውን ያሰሩት እርስዎ ነዎት?»

ሽማግሌው መጀመሪያ አላወቋቸውም። እኔንና ባለቤቴን ሲያዩ ገባቸው። ጎረቤቶቻቸውን አየት አድርገው፣ «የምን መርፌ እመቤቴ? እኔ ስገዛትም እንዲሁ ነበረች። ምኑን አውቄ» አሉ።

እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ባለቤቴ ከኋላዬ ወጥቶ ፊት ለፊታቸው ቆመ። 

«ለእኛ እንዲህ አላልህም» አለ። «ባለሙያ ጠርቼ ነው ያሠራኋት ብለኸናል። አንተ ነህ ያልኸው፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጠህ።»

ባለቤቴ በዕድሜው ሙሉ ለሽማግሌ «አንተ» ብሎ አያውቅም። ጎረቤቶቹ በድንጋጤ ተነሡ። ሰውዬው ቀላ። «በገዛ ደጄ!» አለ። አማቴ አንድ እርምጃ ወደ እሱ ቀረቡ። «ወንድሜን አፈር ሲያለብሱት አላየሁም። ይህን እወቅ ብዬ ነው የመጣሁት» አሉትና ክንዴን ይዘው ወደ መኪናው ተመለሱ። ይቅርታ አልጠየቀም። እስከ ዛሬም አልጠየቀም።

ጥቂት እንደነዳሁ ባለቤቴ ከኋላ፣ እህቱም እናቱም እየሰሙ፣ «ያን ቀን አይተሽው ነበር» አለኝ። «ሳላጣራ የፈረድሁብሽ እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ።»

«አይቼው ነበር» አልሁ። ልቤ ወዲያው አልበረደም፤ አልዋሽም። ግን እህትየው አንገቷን አቀርቅራ መቀመጧን በመስታወት አይቻለሁ፤ አማቴም ቤታቸው ስናደርሳቸው «እደሪ» ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ የመሰለኝ ሞኝነቴ ነው። በሳምንቱ አዘዞ ውስጥ ሌላ ወሬ ተነሣ። የተከበሩ ሽማግሌ በገዛ ደጃቸው ተሰደቡ፣ አንድ መምህር አንተ አላቸው፣ ከል የለበሰች አሮጊት ይዘውባቸው መጡ ተባለ። ባለቤቴን ትምህርት ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቅ ያሉት ሰዎች አሉ። የመርፌውን መታሰር ያነሣ ግን አንድም የለም። «ሁሉም የሚያደርገው» ነውር አይሆንም፤ ነውር የሚሆነው እሱን መናገር ነው። ባለቤቴ ይቅርታ አልጠየቀም። ይህን አይቼ ነው ቁጣዬ በእሱ ላይ እየቀለለ የመጣው።

ሰውዬው አሁንም መኪና ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አብሮኝ ይነዳ የነበረ ባልደረባዬ ደውሎ አዘዞ አንድ ደህና መኪና እንዳገኘ ነገረኝ። ከማን እንደሆነ ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። ምንም እንዳትከፍል፣ እንዳትዋዋልም፣ እስክመጣ ጠብቀኝ አልሁት። ነገ አብሬው እሄዳለሁ፤ ያ የኤሌክትሪክ ሠራተኛም መፍቻውን ይዞ ይመጣል። ዳሽቦርዱ ፊታችን ካልተፈታ አይገዛም።